ይቀጥላል

ጦይባ፣ ጠጋ በይ ወዲህ፣ ሰርቪሱ እስኪመጣ፤
የመጀመሪያ ሌሊትሽ ነው፣ ዐይንሽ ደም ለብሶ ወጣ።
ክር ሲበጠስ መቀጠሉን አሳየሁሽ፣ ጣትሽ ቶሎ ያዘው፤
ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲል የሚደረገውን አልነገርኩሽም፣
እሱ ነው የባሰው።

ስልኬን እንኪ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ አትይበት፣ እለፊና
ጣትሽን ወደ ላይ ግፊ፤ ሥዕሉ ይወርዳል እንደ ሐምሌ ቦርከና።
ዌብኮሚክ ይሉታል፤ እንደ መጽሐፍ አይገለጥም፣
ቁልቁል ነው የሚነበበው፣ እንደ ሐረጎ መንገድ፤
ራስ ግን አያዞርም።

ከድመቷ ጀምሪ። ድመቷ አከራይ ናት፤
በወር ሁለቴ ኪራይ ትጨምራለች፣ ማን ደፍሮ ሊከሳት?
ተከራዩ አይጥ ነው፣ መምህር፣ ደመወዙ የዘገየ፤
አስካለ ስታነበው ሣቋ ከማሽኑ በላይ ተሰማ፣
ሙሄ ፎርማኑ መጥቶ አየ፤
ሊቀጣት ነበር። በትከሻዋ በኩል አንድ ክፍል አነበበና
«የኔን አከራይ የት አገኟት? ቀጣዩን ክፈቺው» አለ፣
ቅጣቱን ረሳና።

ሁሉም የሚያወራለትን፣ ያንን የሰይፉን፣ እኔ አልመክርሽም፤
መቶ ሃያ ክፍል ይፎክራል፣ አንድ ቀን እንኳ አይሸነፍም።

ደመና ጠጋኙ ቃል የለውም። መሰላል አቁሞ ሰማይ ይሰፋል፣
አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው ያፈሳል።
ጋሽ እንድሪስ፣ የበሩ ጥበቃ፣ ፊደል አልቆጠሩም፤
ይሄን ሲያነቡ ግን እኔም አልደርስባቸውም።
«መርፌውን በግራ እጁ ነው የያዘው፣ ልብ ብለሻል?
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው» አሉኝ።
ወደ ላይ ተመልሼ አየሁ። እውነት ብለዋል።

የመጨረሻውን ስነግርሽ ድምፄን ዝቅ ላድርግ።
አንዲት ልጅ ናት፤ ከመናኸሪያ ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ ጥግ፣
ትናንት ያልነበረ በር ታገኛለች።
ክፍል አርባ አንድ ላይ እጀታውን ይዛ ቆማለች።
ከሥሩ አንድ ቃል፦ ይቀጥላል።

አልቀጠለም።

ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ፋብሪካውም ዝም አለ።
ያንን ዘመን አላወራልሽም፣ አንቺም ዘንድ የራሱ አለ።
ስድስት ሴቶች ነበርን በአንድ ክፍል፣ ሻማው አልቆ፣
የአስካለ ልጅ፣ ትርሲት፣ አልተኛ ብላ፣ እንቅልፏ ርቆ፣
በሩቅ አንድ ነገር ሲፈነዳ ጆሮዋን ስትይዝ
«እሺ» አልኩ፣ «ልጅቷ እጀታውን ታዞርና…»
እንዲህ ጀመርኩ፣ ሳላውቀው ወዴት እንደሚጓዝ።

በጨለማ ሥዕል እንዴት ይነገራል? «አሁን ሰፊ ነው፣
ሰማዩ ሁሉ ጥቁር፤ ከታች ጥግ ላይ፣ ትንሽ፣ እግሯ ነው።»
በየማታው አንድ ክፍል። አጓጊው ላይ ስደርስ እቆማለሁ፤
ይለምኑኛል፣ ይቆጡኛል፤ ይቀጥላል እላለሁ።
ክፋት አልነበረም።
ነገ ለመኖሩ ሌላ ማስረጃ በእጄ አልነበረም።

ኔትወርኩ ሲመለስ ከዘመድ ስልክ በፊት፣ ይቅር ይበለኝ፣ እሱን ከፈትኩ፤
አርባ አንድ። እጇ እዚያው እጀታው ላይ። ፈዝዤ ቀረሁ፣ ደነገጥኩ።
ሠዓሊዋ የት ናት? በርትታ ይሆን፣ ታማ፣ ተሰዳ?
ስሟን እንኳ አላውቅም «አብሽሪ» እንዳልላት፣ ለዋለችልኝ ዕዳ።
ትርሲት መጣች፣ አንገቷን አስግጋ አየችው፣
«ይሄማ የድሮው ነው» አለች፣
«እኛ እኮ አልፈነዋል።» ስልኩን መለሰችው።

ብሉቱዝሽን ክፈቺ፣ እልክልሻለሁ፤ ካርድ አይበላም።
ከበሩ ኋላ ያለውን ግን በስልክ አልልክም፣
ፋይል የለውም።
ዛሬ ማታ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሦስተኛው ማሽን አጠገብ ነይ።
ያው ሰርቪሱ። ሩጪ፣ በመስኮቱ በኩል ቦታ ያዢ፤
ከድመቷ ጀምሪ እሺ፣ ከበሩ እንዳትጀምሪ፣ ሰማሽ ወይ?